የጓሮው ቤት ወለል

ስም አልጠራም። ያገሬ ሰው ካነበበው ማን ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ለሌላው ስማቸው ምንም አይጨምርለትም። ግማሾቹ ሞተዋል። በሕይወት ያሉት ዋሽታለች የሚሉ ከሆነ ቤቴን ያውቁታል፤ መጥተው ይንገሩኝ።

ከወረታ ወደ ጣና በኩል ሲወረድ፣ ሜዳው ጭልጥ ብሎ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ከርብ ወንዝ ብዙም የማይርቅ ጉብታ አለ። ኋላ ጓያ ተዘርቶበት አይቻለሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን እዚያ ጉብታ ላይ የፎገራ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ቤት ነበር፤ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ባለ ደርብ፣ የላይኛው ወለሉ ከጥድ ሳንቃ የተረበረበ። ከብት ይዞ ከሐይቁ ዳር የሚመለስ ሰው መንገዱን የሚለየው በእሱ ነበር። ጌታው ቤቱን የሠሩት በጎንደር ነገሥታት ዘመን በኖራ በተገነባ አሮጌ ፍርስራሽ ላይ ነው። ቦታው ለውሃ ይቀርባል፣ አንድ ክረምት ርብ ይመጣበታል ያሏቸው ሽማግሌዎች ነበሩ አሉ። አልሰሙም። የሰው ምክር የሚሰሙ ሰው አልነበሩም።

ጌታው የምለው አባቴን ነው። አባቴ ብዬ ጠርቻቸው ስለማላውቅ ዛሬ በወረቀት ላይም አልጀምረውም።

እናቴ የወንዛዬ ሴት ናት። ጌታው ጉልበታቸውን እያመማቸው ፍል ውሃ ሊታጠቡ ወደ ወንዛዬ ሄዱ፤ ሲመለሱ ጉልበታቸው ድኖ፣ እናቴን ከበቅሏቸው ኋላ አስከትለው መጡ። ሽማግሌ ልከው ይሁን፣ ለአባቷ ምን ብለው ይሁን፣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ እሷም አልነገረችኝም። ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ከጎመኑ መደብ ማዶ፣ አንድ ክብ ጎጆ አስቀለሱላት። የግቢው ሰው ጎጆውን “የጓሮው ቤት” ይለው ነበር፤ እናቴን ደግሞ “የጓሮዋ”። ስም እያላት።

በትልቁ ቤት እሜቴ አሉ፤ የጌታው የቁርባን ሚስት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ። በአገራችን ወግ እትዬ ልላት የሚገባኝ እሷን ነበር። አንድ ቀን ጎመን ስንቀጥፍ እትዬ አልኳት፤ እሜቴ ከሰገነቱ ላይ ሆነው ሰምተው ኖሮ አስጠሩኝ። አልመቱኝም። “እትዬ የምትል እኅት ያላት ናት” አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ሙያ እንደሚያስተምር ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትልቁን ቤት ልጅ እርስዎ እላት ጀመር። እኔ ገና ጥርሴን እየቀየርኩ ነበር።

እናቴ ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። እኔ የማስታውሳት በወለሏ ነው። የፎገራ ዋልካ ብቻውን ወለል አይሆንም፤ በጋ ሲገባ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ደለል ተሸክማ ታመጣለች፣ ትኩስ እበትና የጤፍ ጭድ ትጨምርበታለች፣ እኔ በእግሬ አቦካለሁ። ከዚያ ከግድግዳው ጥግ ተነስታ ወደ በሩ እያፈገፈገች በመዳፏ ትለቀልቃለች። መጨረሻ ላይ ሁለታችንም ደጅ እንቀራለን፤ እስኪደርቅ መግባት የለም። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ እጇን እየታጠበች፣ እኔ በእግሬ ጣቶች መሐል የደረቀውን ጭቃ እየፈቀፈቅሁ፣ ማዶ ከብቱ ሲገባ እናያለን። ለፋሲካ አንድ ጊዜ፣ ለዘመን መለወጫ አንድ ጊዜ። አሮጌው አይነሳም፤ አዲሱ በላዩ ላይ ነው የሚለቀለቀው። ሽታው ሲጠፋ ወለሉ ግራጫ ሆኖ እንደተፋቀ ቆዳ ይለሰልሳል። የትልቁ ቤት ምድር ቤት እንኳ እንዲያ አይለሰልስም ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው።

የምንተኛው ወለሉ ላይ ቁርበት አንጥፈን ነበር። እኔ በበሩ በኩል፣ እሷ መሐል፤ በግድግዳው በኩል ደግሞ ክረምት ክረምት አንድ ትርፍ አጎዛ ተነጥፎ ያድራል። በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ እግሬን ስለሚያደነዝዘኝ ወደዚያ ልዙር ብዬ ለመንኳት።

“የእንግዳ ነው” አለችኝ።

የምን እንግዳ? እኛ ዘንድ እንግዳ መጥቶ አያውቅም። ደግሜ ግን አልጠየቅኋትም። ነፋሱን ለመድኩት።

ወባ ሜዳውን ባጠቃበት አንድ መኸር እናቴ ተኛች፤ ብዙም አልቆየች። እኔን ወደ ትልቁ ቤት ማድ ቤት ወሰዱኝ። አርባዋ ሳይወጣ የጓሮው ቤት ጥጃ ገባበት። ያስገባው የግቢው ከብት ጠባቂ ነበር፤ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነው፣ ስለሱ ገና እናገራለሁ። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጥጆቹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በእናቴ በር ሲገቡ አየሁ። አንዱ አልገባም ብሎ ወደ ኋላ ሲል ጅራቱን ጠምዝዞ አስገባው። እኔንም ያስገቡኝ እንደዚያው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ከምድጃው ጎን አድር ጀመር። ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ ብል አጋንናለች ይሉኛል። የሚለኝ በማድ ቤት አድሮ ይየው።

ከጥቂት ክረምት በኋላ ርብ ሽማግሌዎቹ እንዳሉት መጣ። ጉብታውን ከበበው፤ ውሃው ሲሸሽ ግድግዳው ከሥሩ ተቦርቡሮ ኖሮ እየተንሸራተተ ወደቀ። ሰው አልሞተም። ጌታው ግን ከዚያ ወዲያ አልበረከቱም። እሜቴና ልጃቸው ወረታ ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠርተው ገቡ። የጥዱን ሳንቃና ደህና ደህናውን ድንጋይ ያገኘ ሁሉ እየጫነ ወሰደው፤ የቀረውን በየክረምቱ ደለል አለበሰው። እኔን ይፋግ ላለ ሰው ዳሩኝ። ስለዚያ ትዳር እዚህ አልጽፍም። ልጅ አልወለድኩም፣ ፈታኝ፣ ተመለስኩ።

ወረታ ላይ ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጥጥ እየፈተልኩ መኖር ጀመርኩ። ነጋዴው ጥጡን ይሰጠኛል፣ ፈትሉን እመልስለታለሁ። ከሚስቱ ጋር እንዴት አደርሽ ከመባባል በቀር ሳልናገር የምውልባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ማታ ለራሴ አንድ ቃል ቢያመልጠኝ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኝና ዞር ብዬ አያለሁ። የጎንደር መኪና ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ መኪናው ካለፈ በኋላ ያለው ጸጥታ ከበፊቱ ይብሳል።

እንዲህ እያለሁ ነው ቆፋሪዎቹ የመጡት። ጥምቀት አልፎ ሜዳው ደርቆ ነበር። አንድ ጸጉሩ የሸበተ ፈረንጅ፣ ከእሱም ጋር አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ። ጎልማሳው ያስተረጉማል፣ የተገኘውን ሁሉ ይጽፋል፣ ንድፉንም የሚያነሳው እሱ ነው፤ ሠራተኛው “መዝጋቢው” ይለው ነበር። የሚፈልጉት የጌታውን ቤት አልነበረም፤ ከሥሩ ያለውን የነገሥታቱን የኖራ ግንብ ነው። ነገር ግን ሥራቸው ሥርዓት ነበረው። ከላይ ያለውን ሳይመዘግቡ ወደ ታች አይወርዱም። ችካል ተክለው ገመድ ይወጥራሉ፣ በገመዱ መሐል ያለውን ይጠርጋሉ፣ ይለካሉ፣ ይስላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ያፈርሱታል። ሥሩን ለማየት ላዩ መጥፋት አለበት። መዝጋቢው በመጀመሪያው ቀን ለሠራተኛው ሲያስረዳ “አንድ ጊዜ ከተነሳ ተመልሶ አይገባም፤ የሚቀረው እኛ የጻፍነው ብቻ ነው” አለ። ሌላው ሰው ምሳ መቼ እንደሚለቀቅ ነበር የሚጠይቀው። በእኔ ጆሮ ግን ያች ንግግር ቀረች።

እኔ አፈር ተሸካሚ ሆኜ ገብቼ ነበር። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶች በቅርጫት አፈሩን ከጉብታው በታች ወዳለው ክምር እናወርዳለን። ካቦው፣ ማለት የሠራተኛው አለቃ፣ ያ ጥጃ ያስገባው ከብት ጠባቂ ነበር። አሁን ሆዱ ወጥቷል፣ ኮት ለብሷል። እኔን ሲቀጥረኝ ፊቴን አላየም፤ ክንዴን ነው ያየው።

ምሳ ሰዓት ሴቶቹ ሰብሰብ ብለው ይበላሉ፤ አብረው የመጡ፣ ያንድ ቀዬ ሰዎች ናቸው። አንድ ሁለቴ ነይ ብለውኛል። የማን ልጅ እንደሆንኩ መጠየቃቸው ስለማይቀር ጠግቤያለሁ እያልኩ ክምሩ ሥር ለብቻዬ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሆኜ ሜዳው ሁሉ ይታየኛል። ከብቱ በሩቅ እንደ ጥቁር ፍሬ ተበትኖ፣ ዋልካው ተሰነጣጥቆ። እዚያ ቦታ ላይ ያደግሁ እኔ ነኝ፤ ግን ስለ ቦታው የሚጠይቀኝ አልነበረም።

የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነበር። ስለ ቤቱ የሚነግራቸው ከቤተሰቡ ስለፈለጉ እሜቴ ልጃቸውን ላኩ፤ እሳቸው አርጅተው ካልጋ አይወርዱም ነበር። የትልቁ ቤት ልጅ ጥላ ይዛ፣ አጃቢ አስከትላ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ይህ አዳራሹ ነው፣ ይህ ጓዳው፣ በዚህ በኩል ነው ወደ ደርቡ የሚወጣው እያለች ታሳያለች። መዝጋቢው ይጽፋል። የመብራት ብርጭቆ ስባሪ፣ የልጓም ብረት፣ የሸክላ ስኒ እጀታ ወጣ። ስኒዎቹን አወቅኋቸው፤ ስንት ዓመት ያጠብኳቸው ናቸው፣ አንድ ቀን አልጠጣሁባቸውም። እጀታውን በጥጥ ጠቅልለው፣ ወረቀት አስረውበት፣ ሳጥን ውስጥ አኖሩት። የተሰበረ ስኒ እንዲያ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

እኔን አላወቀችኝም፤ ወይም እንዳላወቀች ሆነች። በፊቷ ቅርጫት ይዤ ስመላለስ ጥላዋን ወደ እኔ ታዘነብላለች።

የትልቁ ቤት ፍርስራሽ ከተነሳ በኋላ ቁፋሮው ወደ ጓሮው ዞረ። ደለሉ ሲጠረግ በክብ የተተከሉ ካስማዎች ያረፉባቸው ጉድጓዶች ታዩ፤ ከመሐላቸው የደረቀ፣ ወፍራም የከብት እበት። ቅርጫቴን አስቀምጬ ቆምኩ። ካቦው ምን ያስቆምሻል አለኝ።

“ይህስ ምንድን ነበር?” አላት መዝጋቢው፣ በርጩማው ላይ ያለችውን።

“የጥጃ ጋጣ ነው” አለች።

“ጥጆቹን ያስገባኋቸው እኔው ነኝ ጌታዬ” አለ ካቦው፣ ለምስክርነት በመፈለጉ ደስ ብሎት።

ፈረንጁ ወርዶ እበቱን ጫር ጫር አድርጎ አየው። ጋጣ ከሆነ በብሩሽ የሚያስለፋ ነገር የለውም፣ ነገ በዶማ ይነሳና ሥሩ ያለው ግንብ ይታይ አለ። መዝጋቢው ይህን አስተርጉሞልን ወረቀቱን አጠፈ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አልዋሸችም። ጥጃ ገብቶበታል። ቤቱ ሲወድቅ ውስጡ የነበረው ጥጃ ነው። ነገር ግን ጋጣ ተብሎ ከተጻፈና በዶማ ከተነሳ፣ እናቴ በዚች ምድር ላይ መኖሯን የሚያሳይ ሌላ ምልክት አልነበረም። መቃብሯ ላይ ድንጋይ አልቆመም፤ ቦታውን የሚያውቁት ቄስ ሞተዋል። ከጌታው ርስት የደረሰኝ የለም፣ የጠየቅሁትም የለም። እኔ የፈለግሁት አንዲት ነገር ናት። በዚያ ንድፍ ላይ፣ በዚያ ክብ ውስጥ፣ ሰው የኖረበት ቤት ተብሎ እንዲጻፍ። የእነሱ አዳራሽ ተጽፏል፣ የእነሱ የልጓም ብረት ተጽፏል።

በማግስቱ ዶማው ጀመረ። እበቱ እንደ ድፎ ዳቦ እየተቆረሰ ወጣ፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር ተሸከምኩ። ትንሽ እንደወረደ ዶማው ድንጋይ ነካ። ሦስት ድንጋዮች ናቸው፣ ጥላሸት የጠጣቸው፣ ከመሐላቸው አመድ። ጉልቻ ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዷ፣ ቀልድ የምትወድ ሴት፣ “ኧረ የዚህ አገር ጥጃ ወጥም ይሠራ ኖሯል” አለች። ሁሉም ሳቀ። መዝጋቢውም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመና ዶማውን አስጣለ።

ብሩሽ ይዞ እሱ ራሱ ወረደ። ጎኑን በቢላ ሲያስተካክለው ወለሉ ታየ፤ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ስስ ስስ ሆኖ፣ ግራጫው ከቡናማው እየተፈራረቀ፣ እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል። ፋሲካና ዘመን መለወጫ፣ ፋሲካና ዘመን መለወጫ። የትኛው ላይ እግሬ ትንሽ እንደነበር፣ የትኛው ላይ እንዳደገ ዐይኔ እየፈለገ ነበር።

“ይህ ሰው የኖረበት ነው” አለ መዝጋቢው፣ ወደ በርጩማው ቀና ብሎ።

“እረኛ ያድርበት ነበር” አለችው፣ ሳትቸኩል።

ወደ ካቦው ዞረ። ከጥጆቹ በፊት ማን ነበረበት ብሎ ጠየቀው። ካቦው ጫማውን አየ። እሱ ያን ጊዜ ከከብቱ ጋር ሜዳ እንደሚውል፣ የጓሮ ነገር እንደማያውቅ ተናገረ። እናቴ ስትታመም ውሃ አቀብሏት ያውቃል። ጎመን ሰጥታው ያውቃል። ይህን ዛሬ እጽፍበታለሁ፤ ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ።

ቅርጫቴን አወረድኩ።

“እረኛ አይደለም” አልኩ። “እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። እናቴ የኖረችው እዚህ ነው። ወለሉን የለቀለቀችው እሷ ናት፣ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ።”

ያን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ከተናገርኩ ስንት ጊዜዬ እንደነበር እንጃ። ከዚያ ያች ቀልደኛ ሴት “እንግዲያ ጥጃዋ አንቺ ነሻ” አለችና ሳቁ እንደገና ተነሳ። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም።

መዝጋቢው አልሳቀም። ጨዋ ሰው ነበር፤ ያን አልከለክለውም። እርሳሱን ይዞ ወደ እኔ ቀረበ።

“እናትሽ የቤቱ ምን ነበረች?” አለኝ።

ለዚያ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። ሚስት ብል እሜቴ በቁርባን አሉ፣ ልጃቸው እዚያ ተቀምጣለች፣ እኔ አንድ ምስክር የለኝም። ገረድ ብል የገረድ ቤት ብሎ ይጽፋል፣ እናቴም እስከ ዘላለሙ ገረድ ሆና ትቀራለች። ሌላም ቃል አለ፤ እሱን ሌሎች ብለውታል፣ ከእኔ አፍ አይወጣም። ሁሉም እየጠበቁ ነው።

“እናቴ ነበረች” አልኩት።

“እሱ አይጻፍም” አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ሳያዝንልኝ አልቀረም። ከዚያ ወደ በርጩማው ዞሮ ይህችን ሴት ያውቋታል ወይ ብሎ ጠየቃት።

ጥላዋን ቀና አደረገች። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት ተያየን።

“ማድ ቤት ያደገች ናት” አለች። “ያኔ ልጅ ነበረች፤ ምን ታስታውሳለች።”

ያን ቀን ሙሉ መዝጋቢው ወለሉን ለካው፣ ሳለው፣ ጉልቻውን አንድ በአንድ በንድፉ ላይ አስገባው። ሥራውን አላጓደለም። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሲጨርስ ጠጋ ብዬ ምን ብለህ ጻፍክ አልኩት። “ክብ ጎጆ፤ የጥጃ ጋጣና የእረኛ ማደሪያ” ብሎ አነበበልኝ። ነገ ጠዋት ይነሳል አለኝ፤ ሥሩ ያለው ግንብ ጫፉ ታይቷል፣ ፈረንጁ ቸኩሏል።

ሠራተኛው ሲበተን እኔ ቀረሁ። ነጠላዬን አጥቤ አስጥቼ ነበር፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ ብዬ። ጀምበሯ ወደ ሐይቁ እያዘቀዘቀች ነው። ድንገት ያለ ጥላ፣ ያለ አጃቢ፣ የትልቁ ቤት ልጅ ስትመጣ አየሁ። ገመዱን ተሻግራ ወረደች። ወለሉ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። አዲስ የተለቀለቀ ቤት ሲገባ እንደሚደረገው፣ ሳታስብበት። በባዶ እግሯ ጉልቻውን ዞራ አልፋ፣ በግድግዳው በኩል ሄዳ ቆመች።

“አጎዛው እዚህ ነበር” አለች።

“የቱ አጎዛ?” አልኳት። እርስዎ አላልኩም። ማንም አልሰማም።

ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ ነካችው። በክረምት ነጎድጓድ ሲያስፈራት በጓሮ በር እየወጣች ትመጣ እንደነበር ነገረችኝ። እሜቴ ፈሪ ልጅ አልወለድኩም ብለው ወደ አልጋዋ ይመልሷት ነበር። እናቴ ግን አትጠይቃትም፤ እጇን ይዛ በግድግዳው በኩል ታስተኛታለች፣ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳ ትልካታለች።

“አንቺ እንቅልፋም ነበርሽ” አለችኝ። “አንድ ቀን እንኳ አልነቃሽም።”

“እንግዳዋ አንቺ ነበርሽ?”

“ሌላ ማን ይመጣ ነበር?”

እዚያ ቆሜ እግሬ በረደኝ። በጋ ነው፣ መሬቱ ገና ትኩስ ነው፤ እግሬ ግን በረደኝ።

“ይህን ነገ ለመዝጋቢው ንገሪው” አልኳት። “ሌላ ምንም አትበይ። እዚህ ሰው ይኖር ነበር፣ እኔ አይቻለሁ በይው።”

ወጥታ ጫማዋን አጠለቀች። አንዱ ጠቧት ጊዜ ወሰደባት።

“እሜቴ ገና በሕይወት አሉ” አለች።

“ሲሞቱስ?”

“ሲሞቱማ ወለሉ የለም” አለችኝ። ታውቅ ነበር ማለት ነው። መዝጋቢው ያለውን እሷም በደንብ ሰምታዋለች።

በማግስቱ ጠዋት አልመጣችም። ወለሉን አነሱት። ሊለያይ አልፈለገም፤ በትልልቁ እየተፈነቀለ ነው የወጣው። ተሸካሚዋ እኔ ነኝ። የእናቴን ወለል በቅርጫት በራሴ ተሸክሜ ወደ ክምሩ ደፋሁት፣ ተመልሼ ሌላ ተሸከምኩ። ከባድ አልነበረም። በየመንገዱ ስለዚያ አጎዛ ነበር የማስበው። ለሷ የግድግዳው ሙቀት፣ ለእኔ የበሩ ነፋስ። እናቴ ደግ ሴት ነበረች ይሉኛል አንዳንድ ሰዎች፣ እኔን ደስ ሊያሰኙ። ደግነቷ ለማን እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ይህንንም ቂም ይዤባት ኖሬያለሁ፤ ከሌሎቹ ቂሞች ጋር ቦታ አላጣም።

ማታ ስንለቀቅ ጠባቂው ያገኘነውን ገንዘብና ዶቃ እንዳንወስድ መቀነታችንን ይፈትሽ ነበር። ቅርጫቴ ውስጥ የተረፈውን የጭቃ ጓል ግን አይቶ ዝም አለኝ። አፈር ማን ይሰርቃል? በዘመን መለወጫ ያችን ጓል ቀጥቅጬ፣ ደለልና እበት ጨምሬ፣ ብቻዬን አቦካኋት። የተከራየኋትን ክፍል ከጥግ ጀምሬ ወደ በሩ እያፈገፈግሁ ለቀለቅሁ። ከዚያ ደጅ ተቀምጬ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። የነጋዴው ሚስት በዓል ነውና ጎረቤት አትሄጂም ወይ አለችኝ። ወለሌ አልደረቀም አልኳት።

ቆፋሪዎቹ ግንባቸውን አይተው፣ ጉድጓዱን ደፍነው ሄዱ። መዝጋቢውን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ንድፉ የት እንደሚገኝም አላውቅም። ካለ አንዲት ክብ አለችበት፤ ውስጧ የተጻፈውን ነግሬያችኋለሁ።

እሜቴ ከሞቱ በኋላ፣ ክረምት ነበር፣ የትልቁ ቤት ልጅ ክፍሌ ድረስ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ተላጭታ። ሰው ልካ አታውቅም፣ እኔም ለቅሶ ደርሼ እጅ ነስቼ ተመልሻለሁ እንጂ አላነጋገርኳትም። ደጃፌ ላይ ቆማ እንደገና ጫማዋን አወለቀች። ከሥሯ ያለው ወለል ከምን እንደተቦካ አልነገርኳትም።

“አሁን መናገር እችላለሁ” አለች።

“ለማን?” አልኳት።

ዝናቡ ከበደ፤ ልትመለስም አትችልም። ሰው ነውና ተቀመጪ አልኳት። ሁለት አጎዛ ነበረኝ። አንዱ በግድግዳው በኩል ተነጥፏል፣ የእኔ ነው፤ ከተከራየሁ ጀምሮ የምተኛው እዚያ ነው። ሌላውን ከማገር አውርጄ በበሩ በኩል አነጠፍኩላት። ሳነጥፍ ታየኝ ነበር። ተቀመጠች፣ እግሯን ወደ ቀሚሷ ሰበሰበች። ነጎድጓዱን ሰማን።

“በዚህ በኩል ነፋስ ይገባል” አለች።

“አውቃለሁ” አልኳት።